ሚኒሞ፦ የአሮጌ ሞተር ሕመምና የአዲስ አበባ ጋራዦች ታሪክ

አንድ ባለመኪና አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ «ሚኒሞ አልይዝ አለኝ» ካለ መካኒኩ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቀውም። ሞተሩ ይነሳል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ይሄዳል። እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሳ ግን ይንቀጠቀጣል፣ መሪው እጅ ላይ ይርገበገባል፣ የትራፊክ መብራት ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ሚኒሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙ «ዝቅተኛው» ነው። ሞተር ምንም ሳይጎትት ራሱን ብቻ ለማቆየት የሚዞርበትን ፍጥነት ይሰይማል። በአብዛኞቹ አሮጌ ባለ አራት ፒስተን መኪኖች ይህ ፍጥነት በደቂቃ ከ800 እስከ 900 ዙር ገደማ ነው።

ሞተር በፍጥነት ሲዞር ጉድለቱን ይደብቃል። አንዱ ፒስተን ቢደክም የሌሎቹ ጉልበትና የቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ክብደት ተሸክመውት ያልፋሉ። በሚኒሞ ጊዜ ግን ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ጥቂት፣ ነዳጁም ጠብታ ነው። በቀጭን ስንጥቅ የሚገባ ትርፍ አየር፣ ነዳጅ በሚለካው የጂግለር ቀዳዳ ውስጥ የተቀረቀረ የአሸዋ ፍሬ፣ የፀጉር ያህል የጠበበ የፑንቲና (የእሳት መቆራረጫ) ክፍተት ሚዛኑን ለመናድ ይበቃል። የቀድሞ መካኒኮች ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ የሚያዳምጡት ሚኒሞውን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪም የልብ ትርታ እንደሚያዳምጠው ማለት ነው።

የሙያው ቋንቋ ታሪኩን ይናገራል። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛው «ማኪና» የመጣ ነው። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ፦ አንድ ተለማማጅ መፍቻ ከመያዙ በፊት እነዚህን ቃላት በጆሮው ይለምዳል። አብዛኛው ተለማማጅ ጣሊያንኛ አያውቅም። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ፣ ኮፈን ደግሞ ሣጥን ማለት እንደሆነ የሚነግረውም የለም። እሱ ዘንድ ቃላቱ አማርኛ ናቸው።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከባሕር ጠረፍ እየነዳ ለዐፄ ምኒልክ አመጣ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ በሌላ መኪና ተከተለው። ባቡር ገና አልደረሰም ነበር፤ የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የተሠሩት በአውሮፓ ዝቅተኛ ቦታዎች ነበር፤ የተጠሩት ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኝ ከተማ።

ሙያው የሰፋው በ1928 ዓ.ም. ከገባው የጣሊያን ጦር በኋላ ነው። ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖች በሺዎች ገቡ፤ ለእነሱም መንገድ ተቆረጠ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጣርማ በር ተራራ የሚበሳው ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በአሥመራ በ1938 እ.ኤ.አ. መሐንዲሱ ጁዜፔ ፔታዚ የነደፈው የፊያት ታሊዬሮ ማደያ ተሠራ። በሁለቱም ጎኑ 15 ሜትር ያህል ወጥተው ያለ ምሰሶ የሚንሳፈፉ ክንፎች ስላሉት ከሩቅ የሚያርፍ አውሮፕላን ይመስላል። ወረራው በ1933 ዓ.ም. ሲያበቃ ጦሩ ቢወጣም ብዙ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች በአገሩ ቀሩ፤ ጋራዥ ከፍተውም ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ቀጠሩ። በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሙያውን በክፍል ማስተማር ጀመረ። የእጅ ሥራው ግን በዋናነት ከአለቃ ወደ ተለማማጅ፣ ከነቃላቱ፣ መተላለፉን ቀጠለ።

እነዚህ ወጣቶች ከመጀመሪያው ቀን የተጋፈጡት ችግር በጣሊያንኛው የጥገና መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም ቦታ አልነበረውም። ችግሩ አየሩ ነበር።

በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡሬተር ደግሞ አየርን አይመዝንም፤ በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ፍጥነት በሚፈጥረው መሳብ ነዳጁን ከጂግለሩ ያወጣል። አየሩ ሲሳሳ የሚወጣው ነዳጅ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቱሪን ወይም ቮልፍስቡርግ ባለ ፋብሪካ በትክክል የተስተካከለ ሞተር ሸገር ሲደርስ ነዳጅ ይበዛበታል። ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ጭሱ ይከብዳል፣ ሚኒሞው ይንገዳገዳል። መድኃኒቱ አነስ ያለ ጂግለር ነው። ቬበር በተባለው የጣሊያን ካርቡሬተር ላይ ጂግለር የሚጠራው በቀዳዳው ስፋት ነው፤ 130 የተባለው 1.30 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ከ130 ወደ 125 መውረድ ለዓይን የማይታይ ልዩነት ቢሆንም ሞተሩ ወዲያው ይሰማዋል። ተስማሚ ጂግለር የማያገኝ መካኒክ የነበረውን በስታኞ (በብየዳ ቆርቆሮ) ደፍኖ በቀጭን መብሻ እንደገና መብሳት ነበረበት።

የከፍታው ጉዳይ በአንድ ማስተካከያ አያበቃም። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ወደ ዐባይ በረሃ የሚወርድ መኪና በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ወደ ደጀን ይወጣል። ደጋ ላይ የተቀነሰው ነዳጅ ቆላ ላይ ያንሳል። አቀበቱ ሲጀመር ሙቀቱ በቧንቧው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ወደ ትነት ይለውጠዋል፤ የነዳጅ ፓምፑም ትነት መግፋት አይችልም። መኪናው ገደሉ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ሹፌሮች ፓምፑ ላይ በውኃ የተነከረ ጨርቅ ሲጥሉ በልማድ ብቻ አልነበረም፤ የቀዘቀዘ ትነት ተመልሶ ነዳጅ ይሆናል። ከአሥመራ ወደ ምጽዋ በ115 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወርደው መንገድም ይህንኑ ትምህርት ለነጂዎቹ ያስተምር ነበር።

አዲስ አበባ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ትናንሽ መኪኖች ሞልተውባት ነበር። ሕዝቡ «ሴይቼንቶ» ያላት ፊያት 600 ታክሲ ሆና ስታገለግል፣ ቮልስ የተባለችው ቮልስዋገን ደግሞ የቤተሰብና የመሥሪያ ቤት መኪና ሆነች። ቮልስ ውኃ የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሆኖም የክረምት ማለዳ ልዩ ሕመም ነበራት። ሞተሯ ከኋላ፣ ካርቡሬተሩ ደግሞ በረጅም ቀጭን ቧንቧ መካከል ተቀምጧል። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ አየሩ በ10 ዲግሪ ገደማ ሆኖ እርጥበት ሲሞላው፣ እንደ ሐምሌ ማለዳ፣ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ላይ በረዶ ይጋገራል። ፋብሪካው ለዚህ ሲል ከጭስ ማውጫው ትኩስ ጋዝ የሚያመጣ ትንሽ ቱቦ አድርጎላታል። ይህ ቱቦ በጥላሸት ሲደፈን መኪናዋ ጥቂት ሄዳ ትጠፋለች። ባለቤቱ ተጨንቆ ኮፈኑን ሲከፍት ምንም አያይም፤ አምስት ደቂቃ ሲጠብቅ በረዶው ይቀልጣል፣ ሞተሩም ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ካርቡሬተሩን ነክቶ «በረዶ ሆኗል» የሚል መካኒክ ያልገጠመው ሰው ካንዴላ፣ ቦቢናና ፓምፕ በከንቱ ሊቀይር ይችላል።

እሳቱም የራሱ ታሪክ አለው። ባትሪ፣ ቦቢናና ፑንቲና የሚሠሩበትን ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1910 ሞዴል ካዲላክ መኪኖች ላይ ገባ፤ ከዚያም ለስድሳ ዓመት ያህል የዓለም መኪና ሁሉ ልብ ሆነ። ፑንቲና የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ የብረት ከንፈር ናት። ስትከፈት ቦቢናው ከፍተኛ ቮልት ያወጣል፣ ካንዴላውም ብልጭታ ይሰጣል። የክፍተቷ ልክ በአብዛኞቹ መኪኖች 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። በእሷና በሚከፍታት ዘንግ መካከል ያለው የፋይበር ተረከዝ በሥራ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብም እሳቱ ይዘገያል፣ ሚኒሞውም ይወርዳል። ይህ በድንገት አይመጣም። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ስለሚመጣ ነጂው ሳያውቀው ይለምደዋል፤ አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ እስኪጠፋበት ድረስ። አጠገቧ ያለችው ኮንደንሰር ስትደክም ደግሞ የፑንቲናዋ ከንፈር ይቃጠላል፤ ሞተሩም ቀዝቃዛ ሳለ ይሠራና ሲሞቅ ይጠፋል።

በደርግ ዘመን የታክሲው ዓለም ወደ ላዳ ዞረ። ጋራዦቹ ቋንቋ መቀየር አላስፈለጋቸውም፤ ላዳ በመሠረቱ ጣሊያናዊ ናትና። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ በቶሊያቲ ከተማ ፋብሪካ አቋቋመች፤ የፊያት 124 ንድፍ ለመጥፎ መንገድና ለብርድ ተጠናክሮ እ.ኤ.አ. በ1970 ላዳ ሆኖ ወጣ። ካርቡሬተሯ የቬበር ንድፍ ሲሆን በፈቃድ የተሠራው በዲሚትሮቭግራድ ነው። ኤዶዋርዶ ቬበር ሥራውን በቦሎኛ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤንዚን ተወድዶ ስለነበር ያተኮረው ነዳጅ የሚቆጥቡ ካርቡሬተሮች ላይ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1945 የጦርነቱ ማብቂያ ሰሞን ጠፍቶ ቀረ፤ የት እንደገባ ዛሬም አይታወቅም። ንድፉ ግን የሩሲያ ፊደል ባለበት መኪና ውስጥ ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። የጣሊያንን ቬበር ከፊያት ላይ የተማረ መካኒክ ላዳ ላይ አዲስ ነገር ሆኖ አላገኘውም።

በዚህ ዘመን የበሰለው የምርመራ ሥርዓት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ጥያቄ፣ እጅ፣ ጆሮና ዓይን ይበቁታል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚጠፋው ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ?» ነው። ብርድ ላይ ከሆነ ቾኩ ይጠረጠራል፤ ሲሞቅ ከሆነ ኮንደንሰሩ፣ ቦቢናው ወይም የሚተን ነዳጅ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ የፍሬን መርጃው ጎማ ተቀድዶ አየር ያስገባል፣ አለዚያም በካርቡሬተሩ ገንዳ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ልኩን ስቷል።

ቀጥሎ ጆሮ ይሠራል። አራት ፒስተን ያለው ሞተር እኩል ምት አለው፤ አንዱ ሲጎድል ድምፁ እንደሚያነክስ ሰው እርምጃ ይሆናል። መካኒኩ የካንዴላ ገመዶቹን በየተራ ይነቅላል። ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ከተናጋ ያ ፒስተን ጤነኛ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ካልመጣ ግን የሞተው እሱ ነው። ከዚያ ካንዴላው ይወጣና ይነበባል፤ ቡናማ ቀለም ጤና፣ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የበዛ ነዳጅ፣ ነጭ አመድ ያነሰ ነዳጅ፣ ቅባት ያለው እርጥበት ደግሞ የተበላ የፒስተን ቀለበት ወይም ያረጀ የቫልቭ መጠበቂያ ምስክር ነው። በማርሚታው አፍ ላይ የተያዘ ወረቀት በየጊዜው ወደ ውስጥ ከተሳበ ቫልቭ እንደተቃጠለ ይጠቁማል።

የእጅ መዳፍ ሙከራ ከሁሉም ይበልጥ ጥበብ ያለበት ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲንገዳገድ መካኒኩ መዳፉን በካርቡሬተሩ አፍ ላይ በከፊል ይጭናል። የሚገባው አየር ሲቀንስ ሞተሩ ቢሻሻል ነዳጅ አንሶታል፤ ወይ አንድ ቦታ ያልተፈለገ አየር እየገባ ነው፣ ወይ የሚኒሞ ጂግለር ተደፍኗል። አየሩ የሚገባው በተሰነጠቀ ቧንቧ፣ በለሰለሰ ጓርኒሲዮን ወይም በላላ ብሎን በኩል ሊሆን ይችላል። ወዲያው ቢታፈን ደግሞ ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው። ጂግለሩ ከተጠረጠረ ካርቡሬተሩ ይፈታል፣ የሚኒሞ ጂግለር ይነፋል። ጥሩ አለቃ ተለማማጁን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ጂግለር በሽቦ አይወጋም። ናስ ለስላሳ ነው፤ አንዴ ከሰፋ ነዳጅ መብዛቱ አይቀርም፣ የተፈወሰው በሽታም በሌላ ይተካል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ብሎኖች ይስተካከላሉ፤ አንዱ ፍጥነቱን፣ ሌላው የነዳጅና የአየሩን ድርሻ። የድርሻው ብሎን ሞተሩ እስኪያንቀላፋ ይጠበቃል፣ ከዚያ ድምፁ እስኪጠራ በጥቂት በጥቂቱ ይላላል። ይህን የሚወስነው ጆሮ ብቻ ነው፤ መጽሐፉ የጻፈው ዙር ለባሕር ጠረፍ ነው።

ከላዳ ጎን ኮሮላ ዲኤክስ መጣች፤ እሷም ካርቡሬተርና ስፒንትሮጂኖ (የእሳት አከፋፋይ) ይዛ ነበርና በዚሁ እጅ ታከመች። ላዳዎቹ ሲደክሙ መለዋወጫ የሚፈለገው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፤ ካርቡሬተር፣ ስፒንትሮጂኖ፣ አሮጌ ቴስታታ ከተበተነ መኪና ወጥቶ ይሸጣል። ቀጥሎ የመጣው ፈተና ከነዳጁ ነበር። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኤታኖሉ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነበር። ኤታኖል ኦክስጅን ስለያዘ ሞተሩ የሚፈልገውን የነዳጅ መጠን ይለውጣል፤ ድርሻው በትክክል የተለካበት ካርቡሬተር ነዳጅ ያንሰዋል። በደጋው ነዳጅ ለሚበዛበት ሞተር ይህ ጥቂት እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ በትንሽ ጂግለር ለተስተካከለው ግን ሚኒሞው ይበልጥ ይሳሳል። ኤታኖል የድሮ ጎማና ዲያፍራም ያላላል፤ በነዳጅ ታንኩ ግድግዳ የኖረውን ዝቃጭም አጥቦ ወደ ጂግለሩ ያመጣዋል።

በሌላው ዓለም ግን ካርቡሬተር ከዚህ ቀደም ሲል ጀምሮ ቀስ በቀስ ከጨዋታው እየወጣ ነበር። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 የኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ መርጫውን በቮልስዋገን 1600 ላይ አዋለ። አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1996 ሞዴል ጀምሮ ሁሉም መኪና ጉድለቱን በኮድ የሚናገር ኮምፒውተርና አንድ ዓይነት ሶኬት እንዲኖረው አስገደደች፤ አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2001 ተከተለች። ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን ስለሚለካ ለከፍታው ራሱ ያስተካክላል፤ ጂግለር የሚቀይር አያስፈልግም። በጋራዦቻችንም የኮድ ማንበቢያ ገባ። ስክሪኑ ላይ ፒ0300 ሲወጣ እሳት እየሳተ ነው፤ ፒ0171 ሲወጣ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ኮዱ ግን ምክንያቱን አይናገርም። ነዳጅ ያነሰው ፓምፑ ደክሞ ነው ወይስ የአየር ቧንቧው ተቀድዶ? ያን የሚለየው አሁንም ወደ ቧንቧው ጎንበስ ብሎ የአየሩን ፉጨት የሚያዳምጥ ሰው ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አሁን በየመንገዱ የሚበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተራቸው አይዞርም፤ በእነሱ ዘንድ «ሚኒሞ» የሚለው ቃል የሚሰይመው ነገር የለም። ካንዴላና ፑንቲናም እንዲሁ። እነዚህ ቃላት ወደ ታሪክ መዝገብ ከመግባታቸው በፊት፣ ከአለቃ ወደ ተለማማጅ የተላለፈው ሙያ፣ የጂግለሩ ቁጥር፣ የከፍታው ሒሳብና የመዳፉ ሙከራ፣ በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባዋል። ሳይጻፍ ከቀረ ከባለሙያዎቹ ጋር ይቀበራል።

እስከዚያው ድረስ ግን ላዳዎቹና ዲኤክሶቹ አሉ። በክረምት ማለዳ ጋራዥ ግቢ ውስጥ አንዷ ተነስታ ትንቀጠቀጣለች። ኮፈኑ ይከፈታል፤ አለቃው ተለማማጁን ጠርቶ «እጅህን ከአፉ ላይ አድርግ፣ በቀስታ» ይለዋል። ልጁ መዳፉን ካርቡሬተሩ ላይ ጣል ያደርጋል፣ ሞተሩ ለቅጽበት ይረጋጋል፣ ሁለቱም ዝም ብለው አየሩ የሚገባበትን ስንጥቅ ይፈልጋሉ።